ዲያግራም ላይ የሚጨመሩ ማስዋቢያ ቅርጾችና ጽሑፎች

በሞዴሊንግ ሶፍትዌር፣ ማለትም የአንድን ሥርዓት አሠራር በሥዕል ለመንደፍ በሚያገለግል ፕሮግራም፣ በሚሠራ ዲያግራም ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሞዴሉ ነው፦ ክላሱ (የአንድ ዓይነት ነገሮች የጋራ መግለጫ)፣ አክተሩ (ከውጭ ሆኖ ሥርዓቱን የሚጠቀም)፣ የሚያገናኛቸው መስመር። ሌላው ለሚያየው ሰው ተብሎ የሚጨመር ነው፦ ርዕስ፣ ከኋላ የሚነጠፍ ባለቀለም ሳጥን፣ አርማ፣ አጭር ማብራሪያ። ይኼኛው ቢሰረዝ ሞዴሉ ምንም አይጎድልበትም። አንባቢው ግን ይቸገራል። ስለዚህ ጌጥ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም።

በደሴና በኮምቦልቻ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ተማሪው ዲያግራሙን ይዞ ይቀርባል። አማካሪው «ይኼ ሳጥን ምንድን ነው?» ይለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሥርዓቱ ለተጠቃሚው የሚሠራቸውን ሥራዎች በኦቫል የሚያሳየውን ዩዝ ኬዝ ዲያግራም እንውሰድ። የሥርዓቱን ወሰን የሚያሳየው አራት ማዕዘን ትርጉም አለው፤ የሥርዓቱ ሥራ ውስጥ፣ አክተሩ ውጭ ይሆናል። ለጌጥ የተሳለ አራት ማዕዘንም ለዓይን ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲነካ ነው። በብዙ መሣሪያዎች እውነተኛው ወሰን ሲጎተት በውስጡ ያሉትን ይዞ ይሄዳል። ጌጡ ግን ብቻውን ሄዶ ኦቫሎቹን ሜዳ ላይ ይጥላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ በተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የጸደቀው ዩኤምኤል፣ እነዚህ ዲያግራሞች የሚሳሉበት የምልክት ቋንቋ፣ ለማብራሪያ የራሱ ምልክት አለው። ጥጉ የታጠፈ ወረቀት የሚመስል ሳጥን ነው፤ ከሚያብራራው ነገር ጋር በቁርጥርጥ መስመር ይያያዛል። ማብራሪያው የአንድን ክላስ ጉዳይ የሚመለከት ከሆነ ከተራ ጽሑፍ ይልቅ ይህን መጠቀም ይሻላል። ሥርዓትን በስሌት አስመስሎ በሚያሠራው ሲሙሊንክ በተባለ ሶፍትዌር ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ለተመሳሳይ ሥራ በሚውለው ሞዴሊካ በተባለ የሞዴሊንግ ቋንቋ ውስጥ የጌጡ ቅርጽ ከነመጋጠሚያ ነጥቦቹ አኖቴሽን በሚባለው የኮዱ ክፍል ይቀመጣል። በሁለቱም የስሌቱ ውጤት አይነካም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቁ ጣጣ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን የያዘ ፎንት ከሌለ ግን ይህ ብቻውን አያድንም። አንድ ጓደኛዬ የመድኃኒት ቤት ሥርዓት ሠርቶ ነበር። «የመድኃኒት ክምችት» የሚለው ርዕስ ላፕቶፑ ላይ አምሮ ተቀምጧል። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያስከፍተው በርዕሱ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ጠበቁት። በማግስቱ ፎንቱን አካትቶ በፒዲኤፍ አወጣውና ዳነ።

ቀለምም እንዲሁ ነው። ፈዛዛ ቀይና ፈዛዛ አረንጓዴ ስክሪን ላይ ይለያያሉ፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ሳጥኑ ጥግ ላይ «ገንዘብ ያዥ»፣ «መጋዘን» ብሎ መጻፍ ነው የሚያዋጣው።