ጆርጅ ቤንጃሚን፦ የማይቸኩለው የሙዚቃ ደራሲ

ሰር ጆርጅ ቤንጃሚን በዛሬዋ ብሪታንያ ከሚጠሩ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች አንዱ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ጽፏል፤ ሥራዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። አይቸኩልም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን ተወለደ። በ16 ዓመቱ ፓሪስ ሄዶ ታዋቂው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪዬ ሜሲያን ዘንድ ተማረ፤ ከዚያ ካምብሪጅ ገባ። በ1980 የኦርኬስትራ ሥራው በለንደኑ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል በቢቢሲ ፕሮምስ ሲቀርብ ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። እንዲህ በለጋነቱ የተጨበጨበለት ሰው ሥራ ያጎርፋል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ ጭራሽ ቀስ አለ። ሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው «ሰደን ታይም» እንኳ ዓመታት ወስዶበት በ1993 ነው ለመድረክ የበቃው።

ሙዚቃውን ላዳመጠ ምክንያቱ ይገባዋል። ኦርኬስትራው ትልቅ ቢሆንም ድምፅ በድምፅ ላይ አይከመርም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለየት ያለ የድምፅ ቀለምም ይወዳል። ፓሪስ ውስጥ መንገድ ላይ የሚጫወቱ የፔሩ ዋሽንት ነፊዎች ቀልቡን ስበውት፣ የዋሽንታቸውን ድምፅ በኮምፒውተር አስገብቶ «አንታራ»ን ሠራ።

ኦፔራ መጻፍ ከጥንትም ይመኝ ነበር፤ የሚስማማው ጸሐፊ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ከቴአትር ጸሐፊው ማርቲን ክሪምፕ ጋር ተገናኙ። የ2006ቱ የመጀመሪያ ሥራቸው ሁለት ዘፋኞችና 15 የመሣሪያ ተጫዋቾች ብቻ የሚበቁት ነው። ዓለም ያወራለት ግን በ2012 ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ላይ የታየው «ሪተን ኦን ስኪን» ነው፤ ቆዳ ላይ የተጻፈ እንደማለት። አንድ ባለጸጋ ገድሉን በብራና ላይ በሥዕል እንዲያስውብለት ወጣት ሠዓሊ ይቀጥራል። ሚስቱ ከወጣቱ ጋር ፍቅር ትጀምራለች። ባል ወጣቱን ገድሎ ልቡን አብስሎ ያበላታል። ታሪኩ ይዘገንናል፤ ሙዚቃው ግን ብዙውን ጊዜ አይጮህም። በእርጥብ ጣት እየተነካ የሚጫወተው የመስታወት ሃርሞኒካ ቀጭን ድምፅ ሲገባ ነው ፀጉር የሚቆመው። ቤንጃሚንን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ይህን እንዲሰማ እመክራለሁ።

ኦርኬስትራ ይመራል፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነው። ከክሪምፕ ጋር በ2018 ሦስተኛውን፣ በ2023 አራተኛውን ኦፔራ አቅርበዋል። በአራተኛው፣ ልጇ የሞተባት እናት ከመምሸቱ በፊት አንድ ደስተኛ ሰው ፈልጋ ከእጅጌው ቁልፍ ቆርጣ ብታመጣ ልጇ እንደሚነሣ ይነገራታል። በዚያው ዓመት በሙዚቃው ዓለም ትልቅ ክብር ያለውን የኤርንስት ፎን ዚመንስ ሽልማት ወስዷል።