ሆሎግራፊያዊ ጽንፈ ዓለም ምንድን ነው?

አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲ ብዙም ሳይርቅ ካለ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የፊዚክስ ተማሪ የኤቲኤም ካርዱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ካርዱ ላይ ያለችው ብርማ ምልክት በቀጥታ ሲያዩዋት ጠፍጣፋ ናት፤ ካርዱ ትንሽ ዘንበል ሲል ግን በውስጧ ያለችው ምስል ትንቀሳቀሳለች፣ ከካርዱ ውፍረትም በላይ ጠልቃ የተቀመጠች ትመስላለች። ጠረጴዛውን የከበብነው ሰዎች ወዲያው ክርክር ገጠምን፦ ዓለማችን ሆሎግራም ናት የሚባለው እውነት ነው ወይ? አንዱ "ድሮስ ኃላፊ ጠፊ ዓለም ይባል የለ" ሲል፣ ሌላው "እኛማ የምንኖረው ኮምፒውተር ውስጥ ነው" አለ። የመጀመሪያው መልስ የስብከት፣ ሁለተኛው የፍልስፍና ሲሆን፣ ፊዚክሱ የሚለው ከሁለቱም የተለየ ነው።

ፎቶግራፍ የብርሃንን ድምቀት ብቻ ይመዘግባል። በሆሎግራም ግን ከዕቃው ተንጸባርቆ የመጣው ብርሃን፣ ዕቃውን ሳይነካ በቀጥታ ከመጣ ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው የሞገዶች መደጋገፍና መጠፋፋት በፊልሙ ላይ እንደ ረቂቅ ጭረት ይቀረጻል፤ በኋላ ተገቢው ብርሃን ሲያርፍበት ያ ጭረት የዕቃውን ጥልቀት ጭምር መልሶ ያሳያል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1947 ያፈለቀው ትውልደ ሃንጋሪያዊው ዴኒስ ጋቦር በ1971 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። ከዚህ ሁሉ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው፣ ሦስት ልኬት ያለው ነገር በሁለት ልኬት ገጽ ላይ ሊጻፍ መቻሉ ነው።

ሊቃውንቱን ወደዚህ ንጽጽር የመራቸው የብላክ ሆል፣ ማለትም ከስበቱ ብርታት የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የህዋ አካል፣ ጥናት ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስንት መጽሐፍ ይይዛል ብንባል የምንለካው የውስጡን ይዘት ነው፤ የሕንጻው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ እጥፍ ቢሆኑ የሚይዘው መጽሐፍ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ የግድግዳው፣ የጣሪያውና የወለሉ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። መጻሕፍቱን ትተን መረጃን በዚያ ቦታ ውስጥ ያለ ገደብ እየጠቀጠቅን ብንሄድስ? መረጃውን የሚሸከመው ቁስና ኢነርጂ አብሮ ስለሚከማች፣ ከአንድ ደረጃ በኋላ ሁሉም በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ተደርምሶ ብላክ ሆል ይሆናል። ጃኮብ ቤከንስታይን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብላክ ሆል ኢንትሮፒ፣ ማለትም በውስጡ የተሰወረው መረጃ መጠን፣ ከድንበሩ ስፋት ጋር እንደሚመጣጠን አመለከተ፤ ስቲቨን ሆኪንግ በ1974 ብላክ ሆል ጨረር እንደሚያመነጭ በስሌት ሲያሳይ ደግሞ ምጣኔው በትክክል ታወቀ። በዚህ ስሌት መሠረት በአንድ ካሬ ሜትር ድንበር ላይ የሚሰፍረው መረጃ፣ ከ1 ቀጥሎ 69 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ያህል ቢት (ትንሹ የመረጃ መለኪያ፣ 0 ወይም 1) ነው። ከቁጥሩ ግዝፈት ይልቅ እኔን የሚገርመኝ፣ የቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ አቅም በመደርደሪያ ሳይሆን በግድግዳ መቆጠሩ ነው።

ይህን ስሌት ከብላክ ሆል አውጥተው ለማንኛውም የህዋ ክፍል የሚሠራ፣ ሆሎግራፊያዊ የተባለ መርህ ለማድረግ የሞከሩት፣ በ1993 ሆላንዳዊው ኸራርድ ት ሆፍት፣ ቀጥሎም አሜሪካዊው ሌናርድ ሰስኪንድ ናቸው። ሐሳቡ መጨበጫ ያገኘው ግን በ1997 ነበር። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማልዳሴና፣ በአንድ የተለየ ዓይነት ጉብጠት ባለው ህዋ ውስጥ የሚካሄደው ነገር ሁሉ፣ ስበቱ ጭምር፣ ስበት በሌለበትና አንድ ልኬት በጎደለው የድንበር ገጽ ላይ ባለ የኳንተም (የረቂቃን ቅንጣቶች) ንድፈ ሐሳብ ሊገለጽ እንደሚችል አቀረበ። ሙሉ የሒሳብ ማረጋገጫ ባይሰጠውም እስካሁን የቀረቡለትን እጅግ ብዙ ፍተሻዎች አልፏል።

ይህን ከቅኔ ሰምና ወርቅ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ምክንያቱም በቅኔ የሚፈለገው ወርቁ ሲሆን ሰሙ መሸፈኛ ብቻ ነው። የተሻለው ምሳሌ ቁጥር ይመስለኛል። ፳፬ን በ፲፭ ማባዛት በግዕዙ አጻጻፍ አድካሚ ነው፤ 24 እና 15 ብለን ስንጽፈው ግን ማንም ተማሪ ይሠራዋል፣ ውጤቱም ያው ፫፻፷ ነው። ከሁለቱ አጻጻፎች እውነተኛው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ ከድንበሩና ከውስጡም አንዱን እውነት ሌላውን ቅዠት ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሆሎግራም የሚለው ቃል ቡናው፣ ስኒውና ጠጪው የሉም ማለት አይደለም።

ሲሙሌሽን የሚባለው፣ ማለትም የምንኖረው በኮምፒውተር በተመሰለ ዓለም ውስጥ ነው የሚለው፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፈላስፋው ኒክ ቦስትሮም በ2003 ያቀረበው መከራከሪያ ከሦስት አንዱ እውነት መሆን አለበት ይላል፦ ወይ ሥልጣኔዎች የረቀቀ ቴክኖሎጂ ላይ ሳይደርሱ ይጠፋሉ፤ ወይ ደርሰውም የቀድሞ ሕይወትን በኮምፒውተር ለመምሰል ፍላጎት የላቸውም፤ ወይ እኛ ራሳችን በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በሲሙሌሽን ውስጥ ነን። ይህ መከራከሪያ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ባለቤት ይፈልጋል፤ ሆሎግራፊያዊው መርህ ማንንም አይፈልግም።

በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው ፈርሚላብ በተባለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ 40 ሜትር ክንድ ባላቸው ሁለት የሌዘር መሣሪያዎች፣ አንዳንዶች ከመርሁ ይከተላል ብለው የጠበቁትን የህዋን እጅግ ረቂቅ መንቀጥቀጥ ለመለካት ተሞክሮ በ2015 የተጠበቀው ዓይነት ምልክት አለመገኘቱ ተገለጸ፤ መርሁ እንዲያ ያለ መንቀጥቀጥ አይጠይቅም የሚሉ ፊዚሲስቶች ቀድሞውንም ብዙ ስለነበሩ ውጤቱ ክርክሩን አልዘጋውም። ዋናው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። የማልዳሴና ህዋ እንደ ጣሳ ዳር ያለው ሲሆን፣ የእኛ ጽንፈ ዓለም ግን ከ1998 ጀምሮ እንደታወቀው እየተፋጠነ የሚሰፋ በመሆኑ መረጃውን የምንጽፍበት እንዲያ ያለ ግድግዳ የለውም። ፊዚሲስቱ አንድሩ ስትሮሚንጀር በ2001 ባቀረበው ሐሳብ ድንበሩን በቦታ ዳር መፈለጉን ትቶ በጊዜ ዳር፣ ማለትም እጅግ ሩቅ በሆነው መጪ ዘመን ላይ አስቀምጦታል፤ እዚያ ያለው ንድፈ ሐሳብ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ እየተፈለገ ነው።