የአይቲ የሙያ መጽሔቶችና የድሬዳዋ ሰርቨር ክፍል

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሙያ መጽሔት የሚዘጋጀው ለኔትወርክ አስተዳዳሪ፣ ለፕሮግራመር፣ ለጥገና ባለሙያና ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ገዢ ነው። ከቀደምቶቹ መካከል ዳታሜሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀመረ፤ የፓትሪክ ማክጎቨርን ኮምፒውተርወርልድ በ1967፣ ባይት በ1975፣ ኢንፎወርልድ በ1978 ተከተሉት። ኢንፎወርልድ በ2007፣ ፒሲ ማጋዚን በ2009፣ ኮምፒውተርወርልድ በ2014 የወረቀት እትማቸውን አቁመው በኢንተርኔት ብቻ ቀጠሉ።

ብዙዎቹ ለባለሙያ በነፃ ይታደሉ ነበር፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማስታወቂያ ነው። ነፃ እትም የፈለገ ሰው ቅጽ ይሞላል፦ የሥራ መደቡን፣ የመሥሪያ ቤቱን የሠራተኛ ብዛት፣ ስንት ሰርቨርና ስንት ፒሲ እንዳለ፣ ግዢ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ። አሳታሚው ለአስተዋዋቂው የሚያሳየው ይህንኑ ስለሆነ፣ ግዢ ላይ ቃል የሌለው ጀማሪ ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ አይመረጥም። ዛሬ ቅጹ ወደ ፒዲኤፍ ጥናት ማውረጃ ተዛውሯል፤ ስልክና የሥራ ኢሜይል የሞላ ሰው ከሻጮች ጥሪ አያመልጥም። ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል መክፈት ይሻላል።

በስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚገባበት በዲያል አፕ ዘመን ከመጽሔቱ ጋር የሚመጣው ሲዲ ራሱን የቻለ ሀብት ነበር። 650 ሜጋባይት በ56 ኪሎቢት ሞደም ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ባይቆረጥ፣ 26 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በጥንቃቄ መነበብ ያለበት የዕቃ ሙከራው ገጽ ነው። ሙከራው የሚካሄደው ቀዝቀዝ ባለና መብራት በማይዋዥቅበት ክፍል ነው። ሰርቨሮች በሚችሉት ሙቀት ከሚመደቡባቸው ምድቦች ኤ2 በሚባለው ያለ ሰርቨር የሚፈቀድለት የአየር ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ 1,200 ሜትር ላይ ላለችው ድሬዳዋ 34፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላለችው ሐረር 32 ገደማ ይሆናል። ሐረር አየሯ ስለሚያግዛት ብዙም አትቸገርም። ድሬዳዋ ግን በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የውጭው አየር ራሱ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ በቬንትሌተር ብቻ የሚሠራ ክፍል አያዋጣም። ደግሞ ቁጥሩ የሚለካው ሰርቨሩ አየር በሚስብበት ፊት ለፊት እንጂ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴርሞሜትር አይደለም። ጀርባው ግድግዳ ከተጠጋ የተፋው ሙቀት ዞሮ ይገባበታል።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም እንዲሁ ነው። የባትሪው ዕድሜ የሚገመተው በ25 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። አራት ዓመት የተባለው ባትሪ 35 ዲግሪ በሚሆን ክፍል በሁለት ዓመት ሲሞት፣ ፎርጅድ ነው ተብሎ ድሬዳዋ ያለው የታይዋን ገበያ ነጋዴ ይወቀሳል። የአሜሪካ መጽሔት ያወደሰው ሞዴል ለ120 ቮልት የተሠራም ሊሆን ይችላል፦ ኤፒሲ የተባለው አምራች ዩፒኤስ ኤስኤምቲ1500 የ120 ቮልት ነው፤ ለእኛ 220 የሚሆነው መጨረሻው ላይ አይ የተጨመረበት ኤስኤምቲ1500አይ ነው። አንዷን ፊደል ያላየ ዕቃውን ሲሰካ ያቃጥለዋል።

የኮምፒውተር ደኅንነት ዜና ሲነበብ ከርዕሱ ይልቅ ለእያንዳንዱ የደኅንነት ክፍተት የሚሰጠውን መለያ፣ የሲቪኢ ቁጥሩን፣ መያዝ ይበጃል፤ ሎግፎርሼል የተባለው ክፍተት ለምሳሌ ሲቪኢ-2021-44228 ነው። በዚያ ቁጥር የትኛው የሶፍትዌር እትም እንደተነካ አምራቹ ካወጣው ማስታወቂያ ይፈለጋል።

ቀኖችም መመንዘር አለባቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ለምትክ ኮምፒውተር የሚሆነው ገንዘብ ከሰኔ 2017 በፊት መጠየቅ ነበረበት። መስከረም ላይ ዜናውን አንብቦ ጥያቄ ያቀረበ ክፍል የሚደርሰው የ2019 በጀት ነው።