ሁለቱ የገብስ ማሳ ስናሮች

በኢትዮጵያ ደጋ ስናርን፣ ማለትም ገብስ መካከል የሚበቅለውን የአጃ ዘመድ፣ የማያውቅ የገብስ አራሽ የለም። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ማሳው ውስጥ እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ አቬና ቫቪሎቪያና እና አቬና አቢሲኒካ። የመጀመሪያው ስያሜ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ የሰብል ዘር የሰበሰበውን ሩሲያዊ ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭን ያስታውሳል። ሁለቱም 28 ክሮሞዞም አላቸው፤ የሚታረሰው አጃ ግን 42 ነው። እርስ በርስ ስለሚዳቀሉና ዲቃላቸውም ዘር ስለሚሰጥ መካከለኛ መልክ ያላቸው ተክሎች ማሳ ውስጥ ይገኛሉ።

ልዩነታቸው ቁልጭ የሚለው ሲደርሱ ነው። የደረቀ የቫቪሎቪያና ዘለላ ገና ሲነኩት ፍሬው አንድ በአንድ ይረግፋል። ከፍሬው ሥር የሚታየው ጠባሳ ለስላሳና ሞላላ ነው፤ ጀርባውም ጠጉራም ነው። የተጠማዘዘው ጭራው ሲረጥብ ይፈታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጠመዘዛል፤ እንዲህ እየዞረ ፍሬውን አፈር ውስጥ ያስገባል። የአቢሲኒካ ፍሬ ግን ዘለላው ላይ ይቆያል፤ ካልሰበሩት አይላቀቅም፣ የተሰበረበትም ቦታ ሻካራ ነው።

ቫቪሎቪያና አጨዳ ሳይደርስ ዘሩን መሬት ላይ ስለሚያራግፍ የዘር ገብስን ማበጠር አይገታውም። መታረም ያለበት ዘለላ ከማውጣቱ በፊት ነው። አቢሲኒካ ደግሞ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራውም ገበሬው ራሱ ነው። ፍሬው በመጠንም በክብደትም ገብስን ስለሚቀርብ በነፋስ አይለይም፤ ለዘር የሚሆነውን በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ለእንጀራና ለጠላ ከገብስ ጋር ስለሚገባ ብዙ ቤት እንደ ጠላት አይታይም፤ አረም ብቻ ብሎ መፈረጅም ልክ አይደለም።

በአረም ወቅት ትልቁ ስሕተት ገብሱን ነቅሎ ስናሩን መተው ነው። ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ ገልጦ ማየት ይበቃል፦ ገብስ ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ረጃጅም «ጆሮዎች» አሉት፣ ስናር ግን ጆሮ የለውም፤ ነጭ ስስ «ምላስ» ብቻ ይታያል። በዚህ ዕድሜ ሁለቱን ስናሮች እርስ በርስ መለየት ግን አስቸጋሪ ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ-አረም መርጨት አይረዳም፤ የሚያጠፋው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው። ገብሱን ከባቄላ ወይም ከአተር ጋር ማፈራረቅ ይሻላል፤ በእነዚህ መካከል ስናር ከሩቅ ይለያል።