የእስያ ፒር ምንድን ነው?

ሲያዩት አፕል ይመስላል፤ ዘሩ ግን ፒር ነው። ክብ ነው፣ ቆዳው ብዙ ጊዜ ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ጥቃቅን ነጠብጣብ አለበት። መገኛው ምሥራቅ እስያ ሲሆን ጃፓኖች ናሺ፣ ኮሪያውያን ቤ ይሉታል።

አዲስ አበባ ባሉ አንዳንድ የፍራፍሬ ቤቶች፣ ከውጭ ከሚገቡት መሃል አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። የሚለብሰው ነጭ የስፖንጅ መረብ ለጌጥ አይደለም። ትንሽ ከተጋጨ ቶሎ ይጠቁራል።

ገዝታችሁ እንደ አቮካዶ እስኪለሰልስ አትጠብቁት፣ አደራ! የለመድነው ረዘም ያለው ፒር ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ይኼኛው ግን ዛፉ ላይ በስሎ ይለቀማል፤ ስለዚህ ጠንከር ያለውን፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለውን ምረጡ። ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቀዝ ሲል ልጣጩን ላጡትና ብሉት። ሲገመጥ ቀጭ ይላል፣ ውሃው በአገጭ ይወርዳል። ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነዋ! በዘሩ ዙሪያ ያለው ግን ሻካራና ኮምጠጥ ያለ ስለሆነ ቆርጣችሁ አውጡት።

እኔ በጣም የምወደው ሥጋ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። ኮሪያውያን ቡልጎጊ ለሚሉት የሥጋ ጥብስ ፒር ፈቅፍቀው ከአኩሪ አተር ሶስ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ሥጋውን ያሹበታል። ጥሬው ፒር ውስጥ ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም አለ፤ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። የከተማችን የበሬ ሥጋ አንዳንዴ ጥርስ የሚፈትን ስለሆነ ለጥብስም ሞክሩት። በስሱ ለተከተፈ አንድ ኪሎ ሥጋ ግማሽ ፒር ይበቃል፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩትና ጥበሱ። ስኳርነት ስላለው ቶሎ ያራል፣ ከምድጃው አትራቁ። ቀድሞ የተቀቀለ ፒር ግን አያለሰልስም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

በጾም ጊዜ ደግሞ በቀጭኑ ከትፋችሁ ከጥቅል ጎመንና ከካሮት ጋር ቀላቅሉት። ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያ ጨምሩበት። የራሱ ኮምጣጣነት ትንሽ ስለሆነ ሎሚው የግድ ነው፤ እንዳይጠቁርም ይረዳዋል።

ትኩስ ነገር ካማራችሁ እዚያው ኮሪያ ቤሱክ የሚባል አለ። የተላጠውን ፒር ቆራርጠው፣ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ፍሬውን ይሰኩበትና ከዝንጅብልና ከማር ጋር በውሃ ይቀቅሉታል። ዝንጅብሉም፣ ማሩም፣ ቁንዶ በርበሬውም ከጓዳችን አይጠፋም፤ መግዛት ያለባችሁ ፒሩን ብቻ ነው።