ፂም ከተላጩ በኋላ የሚወጣው ሽፍታ ምንድን ነው?

ፂም በተላጨ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከአገጭ ሥርና አንገት ላይ የሚወጡት፣ የሚያሳክኩና አንዳንዴም መግል የሚቋጥሩት ትንንሽ እብጠቶች በሕክምናው አጠራር ሱዶፎሊኩላይትስ ባርቤ ይባላሉ። ብዙ ሰው ብጉር ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ «ምላጩ ቆሽሾ ነው» ወይም «ፀጉር ቤቱ አስያዘኝ» ይላል። በመሠረቱ ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ንጽሕና በማጉደልም አይመጣም። የተቆረጠው የፂም ፀጉር ተመልሶ የበቀለበትን ቆዳ ሲወጋ የሚከሰት የቆዳ መቆጣት ነው። ባክቴሪያ የሚገባበት ዘግይቶ፣ በተለይም ሲታከክና በጥፍር ሲፈነዳ ነው።

ምክንያቱ ያለው በፀጉሩ ቅርጽ ላይ ነው። ሉጫ ፀጉር ከቆዳው ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ቢቆረጥም ወደ ውጭ ማደጉን ይቀጥላል። ከርዳዳ ፀጉር ግን ከቆዳው ሥር ያለው መብቀያው ራሱ የታጠፈ በመሆኑ ከወጣም በኋላ ወደ ቆዳው ይጎብጣል። ምላጭ ሰያፍ አድርጎ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል፤ ፀጉር በቀን የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ስለሚያድግም ያ የሾለ ጫፍ ብዙ ቀን ሳይቆይ ጎብጦ አጠገቡ ያለውን ቆዳ ይበሳል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የባሰ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ሲላጭ ወይም ሁለትና ሦስት ስለት ያለው መላጫ ሲያልፍበት ፀጉሩ ተጎትቶ ይወጣና ይቆረጣል፣ የተረፈው ጉማጅ ደግሞ ተመልሶ ከቆዳው ወለል በታች ይገባል፤ ማደግ ሲጀምርም ወደ ላይ ሳይወጣ የመብቀያውን ግድግዳ ከውስጥ ይወጋል። በሁለቱም ጊዜ ሰውነት ፀጉሩን የሚቆጥረው እግር ውስጥ እንደ ገባ እሾህ ነው። ዙሪያው ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብዙ ወንዶችን ወደ ፋርማሲ የሚወስዳቸውም ከእብጠቱ ይልቅ ይህ ምልክት ነው።

ፀጉሩ ከርዳዳ የሆነ ሰው ሁሉ እኩል አይጠቃም። የፀጉሩን መብቀያ ከሚያጠናክሩት የኬራቲን ፕሮቲኖች አንዱን የሚመለከት በዘር የሚወረስ ልዩነት ተጋላጭነትን እንደሚጨምር ታውቋል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር ተራ በተራ ተላጭተው አንዱ ምንም ሳይሆን የሌላው አንገት በሽፍታ ሊሸፈን ይችላል።

በአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት እስከ የካ አባዶ የቆርቆሮ ሱቆች ድረስ፣ በየፀጉር ቤቱ የሚታየው አላጫጭ ተመሳሳይ ነው። ቆራጩ መጀመሪያ ማሽኑን ዜሮ አድርጎ ያስኬዳል፤ ከዚያ ምላጩን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን መያዣው ላይ ያስገባል፣ የደንበኛውን አንገት በአውራ ጣቱ ወጥሮ ከታች ወደ ላይ ይላጫል፣ በመጨረሻም አልኮል ረጭቶ በብሩሽ ፓውደር ይነሰንስበታል። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ማውጣቱ ሊመሰገን ይገባል፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ደም በነካው ምላጭ ሊተላለፉ ስለሚችሉ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ለሽፍታው ግን አዲሱም ምላጭ መድኃኒት አይሆንም። ቆዳውን መወጠርና ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ መላጨት ፀጉሩን ከቆዳ በታች የሚያስቀሩት ዋነኛ ምክንያቶች ናቸው፤ የሚያንገበግበው አልኮልም ቆዳን ከማድረቅ በቀር የጎበጠውን ፀጉር አያቃናውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቤቱ የሚላጭ ሰው ደግሞ ጠዋት ከጀሪካን በቀዳው ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱን አበስ አበስ አድርጎ ይቸኩላል። በቅጡ ያልራሰ ፂም ጠንካራ ስለሆነ ሲቆረጥ ጫፉ ይበልጥ ይሾላል፤ አንድ ኩባያ ውሃ አሙቆ፣ ፎጣ ነክሮ ጥቂት ደቂቃ ፂሙ ላይ ማቆየት ከብዙ ውድ ቅባት ይበልጣል።

ሽፍታው የበረታበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምንም ነገር መግዛት ሳይሆን ምላጭን ቢያንስ ለአራት ሳምንት ያህል ማቆም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስበት ይችላል፤ ፀጉሩ ረዝሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ግን በራሱ ጉልበት ተስፈንጥሮ ከቆዳው ይወጣል። ጫፉ እየታየ ቆዳው ውስጥ የተያዘ ፀጉር በንጹሕ መርፌ ቀስ ተብሎ ቀና ሊደረግ ይችላል፤ በወረንጦ መንቀል ግን አይገባም፤ የተነቀለው ሲበቅል እንደገና ይወጋልና። ከዚያ በኋላ በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀሩ መከርከም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በሥራቸው ጠባይ ተላጭተው መታየት ያለባቸው የጥበቃ ሠራተኞች፣ ወታደሮችና የሆቴል አስተናጋጆች ይህ ሁልጊዜ እንደማይመቻቸው ግልጽ ነው፤ ለእነርሱ የሚሻለው ባለ አንድ ስለት መላጫን በአረፋ፣ ወደ ፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩና አንዱን ቦታ ሳይደጋግሙ መጠቀም ነው። ልስልስ ብሎ መላጨት የሚባለው ነገር ለከርዳዳ ፂም አይመከርም፤ እጅ ሲነካው ትንሽ ቢሻክር ምንም ነውር የለበትም።

ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን የተባሉት ቅባቶች በባለሙያ ምክር ከተቀቡ ይረዳሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው በየሱቁና በየጓደኛው ምክር የሚገዛው፣ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም ነው። ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ ነገር ግን እነዚህ ጠንካራ ስቴሮይዶች ፊት ላይ ሲቆዩ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያመጣሉ፣ ሲቆሙም ቆዳው ከበፊቱ ብሶ ይቆጣል። ሎሚ መቀባትም እንዲሁ አይበጅም፤ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠልና ሌላ ጥቁር ምልክት ያወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ታክሲ ተራ ቆሞ ለሚውል ሰው ምልክቱ እንዳይጠቁር የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባቱ ትርፍ ነገር አይደለም።

ይህን ሽፍታ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞችም ስላሉ፣ ፂም መካከል ክብ ሆኖ የሚሰፋና የሚቀረፈፍ ነገር ሲታይ ጭርት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል፤ በምዕራቡ የከተማዋ ዳር፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ማጅራታቸውን በዜሮ ወይም በምላጭ የሚያስነሱ ወንዶች ላይ የሚበዛ ሲሆን፣ ችላ ከተባለ እያበጠ የሚሄድ ጠባሳ ይሆንና ፀጉሩን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ነገር የጀመረው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ማጅራቴን እንዳትነካው» ብሎ ለቆራጩ መንገር ይኖርበታል፤ ጠባሳው አንዴ ከጠነከረ ቅባት ብቻውን ስለማይመልሰው ሐኪሙ ጠባሳው ውስጥ መርፌ መውጋት ወይም ቀዶ ማውጣት ሊያስፈልገው ይችላል።