ሰላም ሳይኖር «ሰላም፣ ሰላም»፦ የአባባሉ ትርጉምና ምንጭ

መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ባለሥልጣኑ በቴሌቪዥን ቀርቦ «አካባቢው ወደ ቀደመ ሰላሙ ተመልሷል» ይላል። ርስት በተካካዱ ወንድማማቾች መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ የማንንም አቤቱታ ሳይሰማ «በሉ ተነሡና ተሳሳሙ» ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአድማጩ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰላም ሳይኖር ሰላም፣ ሰላም ይላሉ» ማለቱ አይቀርም። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ ያልተፈታውን ተፈታ፣ ያልዳነውን ዳነ ማለት ነው። ሲወለድ ግን ከዚህ የከበደ ክስ ነበር። ተከሳሾቹም ሁለት ናቸው፤ የሚበላው ገዥና በላዩ የሚለስንለት ነቢይ።

ቃሉ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 14 ላይ ይገኛል፤ በምዕራፍ 8 ቁጥር 11ም ይደገማል። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዓናቶት፣ ከካህናት ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። መናገር የጀመረው በይሁዳ ንጉሥ በኢዮስያስ 13ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ገደማ፣ አሦር እየወደቀ ባቢሎን እየተነሣ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ቁጥር 14ን ብቻ ይጠቅሳል፤ ለእኔ ቁልፉ ቁጥር 13 ነው። ከታናሽ እስከ ታላቅ ሁሉም ለጥቅም እንደተስገበገበ፣ ከነቢይ እስከ ካህን ሁሉም እንደሚያጭበረብር ይናገርና ወዲያው የሕዝቡን ስብራት «በጥቂቱ» ይፈውሳሉ ብሎ ይቀጥላል። ስብራቱ በደንብ ይታይ ቢባል የሰበረው እጅ ይታወቃል፤ «ሰላም፣ ሰላም» የሚባለው ለዚህ ነው።

እጁ የማን እንደሆነ ኤርምያስ በስም ይጠራል። በ609 ኢዮስያስ በመጊዶ ከተገደለ በኋላ የግብፁ ፈርዖን ልጁን ኢዮአቄምን አነገሠ፤ በምድሪቱም ላይ 100 መክሊት ብርና 1 መክሊት ወርቅ ጣለ። ኢዮአቄም ገንዘቡን ከሕዝቡ ኪስ አወጣው። በነገሠበት ዘመን ደግሞ ለራሱ ሰፊ ቤት ያሠራል፤ መስኮቱን አስፍቶ፣ በዝግባ አስለብሶ፣ ቀይ ቀለም አስቀብቶ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ግን ሳይከፍል። ምዕራፍ 22 ላይ ነቢዩ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል፦ በዝግባ ስለተፎካከርህ ንጉሥ የሆንህ መሰለህ? አባትህም ይበላና ይጠጣ ነበር፤ እርሱ ግን ለድሃው ይፈርድ ነበር። መጨረሻህ እንደ አህያ ተጎትቶ ከከተማው በር ውጭ መጣል ነው ይለዋል። ይህን በንጉሥ ላይ የሚናገር ሰው ቤተ መንግሥት አይወደድም። ቤተ መንግሥቱ የሚፈልገው ለሳኝ ነው።

ስለ ልስኑ የሚነግረን ሕዝቅኤል ነው። በ597 ከኢየሩሳሌም ከተማረኩት ጋር ወደ ባቢሎን ተወስዶ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ይኖር ነበር። በምዕራፍ 13 ሐሰተኞቹ ነቢያት ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው እያሉ ሕዝቡን ያሳስታሉ ይልና፣ አንዱ ቅጥር ሲሠራ እነርሱ ገለባ በሌለበት ጭቃ ይመርጉታል ብሎ ይጨምራል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው እዚህ ላይ አስተርጓሚ አያሻውም። ማገሩ ከተመታ በኋላ አፈሩ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፣ ደግሞ ይረገጣል። ጭቃውን እርስ በርሱ አያይዞ የሚይዘው ጭዱ ነው። ጭድ ያልገባበት ጭቃም በተመረገበት ዕለት ያምራል፤ እንዲያውም ለስላሳ ስለሆነ ከደህናው ይበልጥ ዓይን ይስባል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እየተገመሰ ይረግፋል። ሕዝቅኤልም የሚያወርድበት ይህንኑ ነው፤ የሚያጥለቀልቅ ዝናብ፣ የበረዶ ድንጋይ፣ ዐውሎ ነፋስ። ቅጥሩ ሲወድቅ ሰዎች መጥተው «የመረጋችሁት ምርጊት ወዴት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ለመራጊዎቹ ነው የሚቀርበው። ቅጥሩን ማን እንደሠራው በዚህ ምዕራፍ በግልጽ አይነገርም፤ ምዕራፍ 22 ላይ ግን ይወጣል። አለቆቹ እንደሚነጥቁ ተኩላዎች ደም ያፈስሳሉ፣ ነቢያቱም በዚያው ጭቃ ይመርጉላቸዋል።

ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ብዙ አይደለም። ሕዝቅኤል በዚያው ምዕራፍ 13 ሐሰት የሚተነብዩ ሴቶችን ዋጋ ሲጠቅስ ጭብጥ ገብስና ቁራሽ እንጀራ ይላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሞሬታዊው ሚክያስ እንዲሁ ብሎ ነበር፤ አፋቸው ላይ የሚያጎርሳቸው ካገኙ ሰላም ብለው ይጮኻሉ፣ በማያጎርሳቸው ላይ ግን ጦርነት ያውጁበታል። አለቆች በጉቦ ይፈርዳሉ፣ ካህናት በዋጋ ያስተምራሉ፣ ነቢያት በገንዘብ ይጠነቁላሉ፣ ከዚያም ሁሉም «እግዚአብሔር በመካከላችን ነው፣ ክፉ አይነካንም» ይላሉ። እዚህ ላይ ሚክያስ ያስቀኛል፤ ስድቡ ምንም ሳይታከልበት ዛሬም ይሠራል።

አባባሉን በሥጋና በደም ማየት የፈለገ ኤርምያስ ምዕራፍ 28ን ያንብብ። ሐናንያ የገባዖን ሰው የሆነ ነቢይ ነው። በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ 4ኛ ዓመት በ5ኛው ወር በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ እግዚአብሔር የባቢሎንን ቀንበር ሰብሯል፣ የተወሰደው ዕቃና የተማረከው ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳል አለ። በዚያ ሰዓት ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት የሆነ የእንጨት ቀንበር በአንገቱ ላይ ተሸክሞ ነበር። የመለሰው መልስ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው፤ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ። ሕዝቡ ቢመለስለት ደስ ይለዋል። ቀጥሎ ግን መመዘኛውን አኖረ፤ ሰላም የሚተነብይ ነቢይ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው። ሐናንያ ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ እልል ማለቱን መጽሐፉ አይጽፍም፤ ኤርምያስ መንገዱን እንደሄደ ብቻ ይናገራል። በኋላ ተመልሶ የእንጨቱን ሰብረህ የብረት ቀንበር አመጣህ አለው። ሐናንያም በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ።

ባቢሎን በኢየሩሳሌም ላይ ያደረገችው ከበባ ሲጠነክር ነገሩ ተገለበጠ። ሹማምንቱ ኤርምያስን የከሰሱት በሰላም ስም ነው፤ ይህ ሰው ለሕዝቡ ክፉውን እንጂ ሰላምን አይመኝም፣ የወታደሩንም እጅ ያደክማል አሉ። «እጅ ማድከም» በዘመኑ የነበረ አነጋገር ለመሆኑ ማስረጃ አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. በጥንቷ የይሁዳ ከተማ በለኪሶ ፍርስራሽ በተገኙት በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች መካከል፣ 6ኛው በሚባለው ላይ፣ በሹማምንት ላይ ይኸው አቤቱታ ይነበባል። ሴዴቅያስ «በእጃችሁ ነው፣ እኔ ልከለክላችሁ አልችልም» ብሎ ሰጣቸው። እነርሱም ውኃ ወደሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ወዳለበት ጉድጓድ በገመድ አወረዱት። ነቢዩን ያወጣው የንጉሡ ቤት ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ወደ እርሱ ወጥቶ እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል አለው፣ አስፈቀደና ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ቤት ያረጀ ጨርቅ አምጥቶ አወረደለት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ ባሮክ ይህንኑ ሰው በለስ በያዘ ቅርጫት አጠገብ 66 ዓመት አስተኝቶ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ያደርገዋል። ለእኔ ግን ከእንቅልፉ ይልቅ ጨርቁ ይበልጥብኛል፤ ሌላው ሁሉ ስለ ሰላም ሲያወራ አንድ ሰው ስለ ብብት አሰበ።

ሴዴቅያስ በድብቅ አስጠርቶ ከእግዚአብሔር ቃል አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ጊዜ ኤርምያስ የመለሰለት ጥያቄ ደግሞ አለ፦ የባቢሎን ንጉሥ አይመጣባችሁም ያሏችሁ ነቢያት አሁን የት አሉ? ከተማይቱ በ587/586 ወደቀች።

እንግዲህ ስለ አጠቃቀሙ። ዛሬ አባባሉ ዕርቅ ያነሣውን ሁሉ አፍ ማዘጊያ እየሆነ ነው። አንድ ሰው «እንነጋገር» ባለ ቁጥር «ሰላም ሳይኖር ሰላም ትላለህ» ይባላል። ይህ ቃሉን ከባለቤቱ መንጠቅ ነው፤ ኤርምያስ ስለ ሰላም እንዲጸልዩ ምርኮኞቹን ያዘዘ ሰው ነውና። በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የተማረካችሁባትንም ከተማ ሰላም ፈልጉ ብሎ ጽፎላቸዋል። ልዩነቱ የሐናንያ 2 ዓመት በእርሱ ዘንድ 70 ዓመት መሆኑ ነው። ስብራቱን አይቶ፣ የሰበረውን ጠርቶ፣ ጊዜውን ሳያሳጥር ስለ ሰላም የሚናገር ሰው በዚህ አባባል አይነካም። የሚነካው ከሚበላው ጋር ተቀምጦ ምርጊት የሚያነሣው ነው።

ደብዳቤው ባቢሎን ሲደርስ ሸማያ የሚባል ሌላ ነቢይ ተቆጣ። ወደ ኢየሩሳሌም ወደ ካህኑ ሶፎንያስ ጽፎ፣ ምርኮው ይረዝማል፣ ቤት ሥሩ ብሎ የላከብንን ያንን የዓናቶት ሰው ለምን በግንድ አላሰርኸውም ሲል ወቀሰው። ሶፎንያስም ደብዳቤውን ኤርምያስ ፊት አነበበለት።